ቤት ዘግተው የተኙት እንደራሴ

እትዬ አስካለ ረቡዕ ጠዋት ከለቅሶ ሲመለሱ የቤታቸውን በር ተዘግቶ አገኙት። መስኮቱም ተዘግቷል። ገፋ አድርገው ሲገቡ ባለቤታቸው ጋሽ ሀይሉ አልጋ ላይ በጀርባቸው ተጋድመዋል። የመንዝ የሱፍ ባና እስከ አገጫቸው ለብሰዋል፤ ጫማቸው ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ሲነኳቸው ቀዝቅዘዋል። በሸዋ ሮቢት የሰኔ ሙቀት ቀዝቅዞ የሚያድር ሬሳ ብቻ ነውና ሌላ ምልክት አላስፈለጋቸውም፤ እሪ አሉ።

የከተማው ፖሊስ መርማሪ መቶ አለቃ ተክሌ ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ተክሌ የደብረ ሲና ልጅ ነው። ከዚያ ጉምና ብርድ ወደዚህ ምድጃ ተዛውሮ ከመጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሙቀቱ ሥጋውን ጨርሶ ዓይኑን ብቻ አተረፈለት ብለው የሚያሙት አሉ። ሰው ሲናገር አፉን አያይም፣ እጁን ነው የሚያየው። አለቆቹ ብልህነቱን ይወዱለታል፤ የሚጠሉት ሳይጠሩት ሲመጣባቸው ብቻ ነው።

ሟቹ ተራ ሰው አልነበሩም። ጋሽ ሀይሉ በንጉሡ ዘመን፣ ሸዋ ሮቢት ያለችበት የቀወት ወረዳ ሕዝብ መርጦ አዲስ አበባ የላካቸው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ነበሩ። በስድሳ ሰባት ፓርላማው ሲዘጋ አንድ ሻንጣና አንድ ባና ይዘው ተመለሱ። ከተማው ግን «እንደራሴው» ማለቱን አልተወም። ዘንድሮ፣ በሰባ ዘጠኝ፣ የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲታወጅ ለአካባቢው ወንበር ሦስት ዕጩ ይቁም ተባለ። አንደኛው የፓርቲው የአካባቢው ኃላፊ ጓድ ሰይፉ ነው፤ ምልክቱ ችቦ። ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ብርሃኑ ነው፤ ምልክቱ መጽሐፍ። ሦስተኛው ለማሟያ የተጠሩት ጋሽ ሀይሉ ሲሆኑ የደረሳቸው ግመል ነበር። ለቆላ ሰው ግመል ሰጥቶ ችቦ ምረጥ ማለት ጅልነት መሆኑን አዘጋጆቹ የተረዱት ዘግይተው ነው። ገበያው ሁሉ ግመል፣ ግመል ይል ጀመር። ምርጫው የፊታችን እሑድ ነው።

ተክሌ የሟቹን ራስ ቀና አድርጎ አየ። ከኋላ፣ ከማጅራታቸው ከፍ ብሎ፣ ፀጉራቸው በደረቀ ደም ተጣብቋል። ትራሱን ገለበጠው። ንጹሕ ነው።

«ሲሞቱ እዚህ አልነበሩም» አለ ለራሱ።

ወደ ግቢው ወጣ። ከማንጎው ዛፍ ሥር የሽማግሌው የጠፍር አልጋ እንደተዘረጋች ናት፤ አንሶላዋ ተነጥፏል፣ ሰው ግን አልተኛባትም። አጠገቧ የመቀመጫ ድንጋይ አለች። ግቢው ሁሉ ዱቄት የመሰለ አቧራ ሆኖ ሳለ የድንጋይዋ ዙሪያ ብቻ በውኃ ታጥቦ ጠቁሯል።

ይህን እያየ ሳለ ጓድ ሰይፉ ላንድሮቨሩን ራሱ እየነዳ በሩ ላይ ደረሰ። መልከ መልካም ነው፣ ድምፁም ለስብሰባ የተሠራ ነው። በየስብሰባው «እኔ የቀወት አፈር ልጅ» እያለ ይጀምራል፤ እውነትም እናቱ እዚህ ወልዳዋለች፤ ገና ሳይድህ ነው ወደ ደጋው የተወሰደው፤ ቤቱም ደብረ ሲና ነው።

«አሁን ከደብረ ሲና መውረዴ ነው፣ መንገድ ላይ ሰማሁ» አለ። «እንዴት ያለ ሰው አጣን! በእንቅልፍ ልባቸው ነው የሄዱት?»

«ጭንቅላታቸው ላይ ቁስል አለ፣ ጓድ።»

ተክሌ ይህን ሲል በመኪናው ግንባር ላይ ተደግፎ ነበር። ቀና ሲል መዳፉ በነጭ አቧራ ተለውሷል። ሱሪው ላይ ጠረገው።

ጓድ ሰይፉ ዞር ዞር ብሎ አየ። «ዘበኛቸው የት አድሮ ነው ታዲያ? ይህ የዘበኛ ሥራ ነው። ያዙት!»

ዘበኛው አብዱልሃዲ ከማንጎው ሥር ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ልቅሶውን ሳይጨርስ እጁን ወደ ኋላ አሰሩት። ጓድ ሰይፉ ጉዳዩ ፖለቲካ ስለሆነ እዚህ እንደማይታይ፣ ዓርብ መኪና መጥቶ ወደ ላይ እንደሚወስደው ተናገረ። በዚያ መኪና ወጥቶ የተመለሰ ሰው ከተማው አያውቅም። የአብዱልሃዲ ሚስት ዙሀራ ይህን በሰማች ጊዜ አልጮኸችም። ሕፃን ልጇን አዝላ፣ ሁለቱን በእጇ ይዛ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ እስከ ዓርብም ከዚያ አልተነሣችም።

ተክሌ በገባ በወጣ ቁጥር ያያታል። «አይዞሽ» ሊላት አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። በምን አፉ!

አብዱልሃዲን የእስር ክፍል ውስጥ ብቻውን አነጋገረው።

«ማክሰኞ ማታ የት ነበርክ?»

«መግሪብ ልሰግድ ወጣሁ። ሰግጄ ቤቴ እራቴን በላሁ። ስመለስ ጋሼ የሉም።»

«እንዴት የሉም? ሬሳቸው ቤት ውስጥ ነበር እኮ!»

«ወላሂ አላወቅኩም! አልጋቸው ባዶ ነው። በሩም መስኮቱም ድርግም ብሎ ተዘግቷል። እትዬ ወዳሉበት ለቅሶ ቤት ሄደዋል ብዬ የግቢው በር ላይ ጋደም አልኩ። እንዴ፣ መቶ አለቃ! በሰኔ ቤት ዘግቶ የሚተኛ ማን አለ?»

ተክሌ የእስር ክፍሉን በር ዘግቶ ወጣ። ያ ጥያቄ ግን እንደ ገባ እሾህ ሆኖ ቀረበት። ወደዚህ ከተማ በተዛወረ ሰሞን፣ እንደ ደብረ ሲና ልማዱ በሩን ዘግቶ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቶ ነበር። ሲነጋ ጎረቤቶቹ ደጃፉ ላይ ተኮልኩለው «ሞቷል ብለን ልንሰብር ነበር እኮ!» ብለው ስቀውበታል። ከዚያ ወዲህ እንደ አገሬው ደጅ ነው የሚያድር።

ቀጥሎ ብርሃኑን ጠራ። ዳይሬክተሩ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሽማግሌው በር ላይ ሲጨቃጨቅ ታይቷል፤ እሱም አልካደም። ሲጋራ ለኮሰ።

«ከምርጫው ይውጡ ብዬ ስለምናቸው ነበር። እኔና እሳቸው ለማድመቂያ ነው የቆምነው። ሸንጎው ገና ሳይመረጥ ማን በሊቀ መንበርነት እንደሚመራው ወንበሮቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰኞ በስብሰባው ላይ ምን እንዳሉ ሰምተሃል?»

«አልነበርኩም።»

«‹ድሮ ሁለት ቤት ነበረን። መወሰኛውን ንጉሡ ይሾሙታል፤ መምሪያውን ሕዝቡ ይመርጠዋል። ፓርቲ የሚባል አናውቅም። አሁን አንድ ቤትና አንድ ፓርቲ ሆነ። አንድ ሰው ብቻውን ሲከራከር ካያችሁት ጸበል ውሰዱት› አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጓድ ሰይፉም ሳቀ። እኔ ግን ሳቁን አይቼ ፈራሁ። ‹ጋሼ፣ ይተውት፣ እኔም እተወዋለሁ› ስላቸው ‹ግመሌን አላስርም› ብለው አባረሩኝ።»

«ማክሰኞ ማታ የት አደርክ?»

«የት አድራለሁ? በረንዳዬ ላይ! ጎረቤቴ ሲያንኮራፋ እኔ ስገላበጥ ነጋ።»

የሽማግሌው ግቢ ከወይዘሮ ንግሥት ምግብ ቤት ጋር በአጥር ይዋሰናል። ንግሥት የማንጎው ቅጠል ጣሪያዬን ሞላው እያለች ከሽማግሌው ጋር ዓመት ሙሉ ተነታርካለች። ተክሌ ሲመጣባት ጠላቱ የመጣበት ሰው መሰለች።

«በቅጠል ሰው አልገድልም፣ ልንገርህ!»

«አላልኩም። ማክሰኞ ማታ ድምፅ ሰምተሻል?»

«የምን ድምፅ? የጭነት መኪና ሾፌሮች ነበሩብኝ። ረቡዕ ጠዋትማ ባሰ! ከላይ የወረደው መኪና ሁሉ ጭቃ ለብሶ መጣ። ተራራው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ መንገዱ እንደ ምርግ ጭቃ ተቦክቷል አሉ። ጎማቸውንም ጫማቸውንም በእኔ በረንዳ አራገፉ። እዚህ ጠብ ያላለ ዝናብ በእኔ መጥረጊያ አለቀ!»

ተክሌ እግሩ እንደ ተተከለ ቆሞ ቀረ። ከዚያ የሱሪውን ጎን አየ። ረቡዕ የጠረገው ነጭ አቧራ ገና እንዳለ ነው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ መርማሪ ለዚህ ነው የሚኖረው። ትዝ ያለው ግን ተረት ነው። ‹ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ› ይል ነበር አባቱ። ንጉሡ ወረደ እንጂ ተረቱ አልወረደም።

ዓርብ የጋሽ ሀይሉ ሠልስት ነበር። ከክፍለ ሀገር ምርጫውን ሊቆጣጠር የመጣ አንድ ተወካይ፣ ጓድ ሰይፉን አስከትሎ ለማስተዛዘን ከድንኳኑ ተቀምጧል። ብርሃኑ አለ፤ ንግሥት አለች። አብዱልሃዲን የሚወስደው መኪናም በሩ ላይ ቆሟል። ተክሌ ደንቡ ነውና ተጠርጣሪው ወንጀሉ የተፈጸመበትን ቦታ መርቶ ያሳይ ብሎ አምጥቶታል። ዙሀራ ከነልጆቿ ተከትላ መጥታ አጥሩ ሥር ቆማለች።

«ይፍጠን» አለ ተወካዩ ሰዓቱን እያየ።

ተክሌ ወደ መሐል ገባ። «ጋሽ ሀይሉ የሞቱት እዚህ ነው፤ ከዚህች ድንጋይ ላይ በጀርባቸው ወድቀው። ደሙ በውኃ ታጥቧል። ትራሳቸው ላይ ግን ጠብታ ደም አልነበረም። ስለዚህ ከሞቱና ደማቸው ከረጋ በኋላ ሰው ተሸክሞ አስገብቷቸዋል።»

«ዘበኛው!» አለ ጓድ ሰይፉ።

«እናያለን፣ ጓድ። ያስገባቸው ሰው ሊደብቃቸው አልፈለገም። የሚደብቅ ሰው የሬሳ ጫማ አውልቆ ጎን ለጎን አያስቀምጥም፣ ትራስ አያስተካክልም። ሽማግሌው በእንቅልፍ ልባቸው አረፉ እንዲባል ነው የፈለገው። ጥሩ። እንግዲህ ሁላችሁንም አንድ ነገር ልጠይቅ። እትዬ አስካለ፣ አንቱ የት ነው የሚያድሩ?»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። «እዚችው ማንጎ ሥር ነዋ፣ ልጄ። ከእሳቸው ጎን።»

«ወይዘሮ ንግሥት?»

«በረንዳዬ ላይ። ታዲያ ምድጃ ውስጥ ልተኛ?»

«ብርሃኑ?»

«በረንዳ።»

«አብዱልሃዲ?»

«በሩ ላይ፣ ደጅ።»

«የጋሽ ሀይሉ አልጋ እዚሁ ድንጋይዋ አጠገብ ተነጥፎ ነበር። የዚህ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ አንሥቶ እሷ ላይ ያጋድማቸው ነበር፤ ሁለት እርምጃ አይሞላም። ይህን ያደረገው ግን የተነጠፈ አልጋ አልፎ፣ ከባድ ሬሳ ተሸክሞ ገባ። በር ዘጋ፣ መስኮት ዘጋ። አልፎ ተርፎ ባና ፈልጎ አለበሳቸው። እትዬ አስካለ፣ ያ ባና የምን ነበር?»

«የአዲስ አበባ ነው። ፓርላማ ሲሰበሰቡ፣ ለብርዱ ብለው የገዙት። እዚህማ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ብል ነው የሚበላው።»

«ይህ የጨካኝ ስሕተት አይደለም፤ የደገኛ ስሕተት ነው» አለ ተክሌ። «እኔም ሠርቼዋለሁና አውቀዋለሁ። ሰው ሲተኛ ቤቱን ዘግቶ፣ ተከናንቦ ነው ብሎ የሚያምን፣ ይህችን ከተማ ተኝታ አይቷት የማያውቅ ሰው ነው። በየቀኑ ውሎ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሙቀቱን ሸሽቶ ደብረ ሲና የሚወጣ። ጓድ ሰይፉ፣ አንድ ቀን እዚህ አድረው ያውቃሉ?»

ብርሃኑ መሬት መሬት አየ።

«ደብረ ሲና ስላደርኩ ነው እንግዲህ ገዳይ የምባለው?» አለ ጓድ ሰይፉ እየሳቀ። «ማክሰኞም እዚያው ነበርኩ!»

«ማክሰኞ ሌሊት ተራራው ላይ ሲዘንብ አደረ። ረቡዕ ጠዋት ከላይ የወረደ መኪና ሁሉ ጭቃ ለብሶ እንደነበር ወይዘሮ ንግሥት ጠርጋዋለችና ታውቃለች። የእርስዎ መኪና ግን የዚህን ከተማ አቧራ ብቻ ለብሶ ነበር። እጄን አስደግፌበታለሁ፤ ይኸው ሱሪዬ። መኪናዎ ያን ሌሊት ወደ ላይ አልወጣም። አብዱልሃዲ ለስግደት ሲወጣ ጠብቀው ገቡ። ‹ከምርጫው ይውጡልኝ› አሏቸው፤ ለብርሃኑ እንዳሉት ‹ግመሌን አላስርም› ሳይሉዎት አልቀሩም፤ ገፏቸው። ከዚያ በኋላ በመንገድ እንዳይታዩ ፈርተው እዚሁ ተደብቀው አደሩ። የዚህ አገር እንደራሴ ልሁን የሚል ሰው፣ አገሩ የት እንደሚተኛ አያውቅም።»

ጓድ ሰይፉ ተነሣ። ፊቱ በላብ ርሷል። «ሽማግሌው ራሱ ነው ያመጣው! ክንዴን ያዘኝ፣ እኔ ላስለቅቅ ብዬ…»

«ጓድ ሰይፉ!» አለ ተወካዩ፣ ሳይጮኽ። «ተቀመጥ። ዝም በል።»

ተቀመጠ፤ ዝምም አለ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሰው ሁሉ ደግሞ እንዳልሰማ ለመምሰል የሚቀመጥበትን ያስተካክል ጀመር። ንግሥት እንኳ፣ አፏ የማያርፈው ንግሥት፣ ወደ ማንጎው ቅጠል አንጋጠጠች።

ተወካዩ ተክሌን በዓይኑ ጠርቶ ከማንጎው ሥር ወሰደው። ድምፁ የክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር።

«ጎበዝ መርማሪ ነህ። እሑድ ምርጫ ነው፤ ሰይፉ እንዲያልፍ ተወስኗል፤ እኔ አይደለሁም የወሰንኩት፣ የወሰኑትንም አላውቃቸውም። ሁለት መንገድ አለህ። ገዳይ አለ ካልክ ገዳዩ ዘበኛው ነው፤ መኪናው ቆሟል። ገዳይ የለም ካልክ ሽማግሌው ልባቸው ደክሞ ወድቀው ነው የሞቱት። በሕመም ለሞተ ሰው ደግሞ የሚታሰር የለም።»

«ሁሉም ሰምቷል እኮ» አለ ተክሌ።

«መስማት ምን ያደርጋል? እኔስ አልሰማሁም? ፈርም።»

ተክሌ ቀና ብሎ አየ። በአንድ በኩል ዙሀራ አለች፤ የታዘለው ልጅ እጁን ወደ አባቱ ዘርግቷል። በሌላ በኩል እትዬ አስካለ አሉ፤ እሳቸው እሱን አያዩም፣ ድንጋይዋን ነው የሚያዩ። እውነቱን በመዳፉ ይዞ ቆሟል፤ ለአንዳቸውም የሚበቃ አልሆነም። ምነው ያን ቀን መኪናውን ባልተደገፍኩት አለ በልቡ። ከዚያ ፈረመ።

የአብዱልሃዲ እጅ ተፈታ። ዙሀራ ሮጣ የተክሌን እግር ልትስም ስትጎነበስ «ተይ፣ እባክሽ ተይ!» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ።

እሑድ ሕዝቡ በሰልፍ ወጣ። የምርጫው ወረቀት ከጋሽ ሀይሉ ሞት አስቀድሞ ታትሞ ስለነበር ግመሉ በቦታው አለ። ተክሌ ሳጥኑ ሲከፈት ጥበቃ ላይ ነበር። ግመል፣ ግመል፣ ግመል፤ አልፎ አልፎ መጽሐፍ፤ በጣም አልፎ አልፎ ችቦ። የሚቆጥሩት ሰዎች ላብ እስኪያሰጥማቸው ድረስ የሞተው ሰው አሸነፈ። አንዱ ቆጣሪ ቀና ብሎ «ምን እንበል?» ሲል ተወካዩ «ችቦ በሉ» አለ። ሰኞ ጓድ ሰይፉ በከፍተኛ ድምፅ መመረጡ ተነገረ። ወደ አዲስ አበባም ሄደ፤ እዚያ ቤት ዘግቶ መተኛት ያምራል።

የዚያኑ ዕለት ጀንበር ስትጠልቅ ተክሌ በእትዬ አስካለ በር ሲያልፍ ግቢው ውስጥ ግርግር አየ። አብዱልሃዲ የጠፍር አልጋዋን ከማንጎው ሥር አንሥቶ ወደ ቤት ያስገባል። ከቀኑ ሙቀት የተነሣ ግድግዳው ገና ይተነፍሳል።

«እትዬ፣ ምነው? በዚህ ሙቀት!»

እትዬ አስካለ የበሩ ደፍ ላይ ቆመው አዩት። «አልቀየምህም፣ ልጄ። አብዱልሃዲ ልጆች አሉት። የእኔው ደግሞ አንዴ ሞተዋል፤ ብትፈርምም ባትፈርምም አይነሡም።»

«ታዲያ ደጅ ቢያድሩ ምናለ?»

«ደጅ የሚታደረው ሰው ሰውን ሲያምን ነው። ሙቀቱንማ እችለዋለሁ።»

ገቡና በሩን ዘጉ፤ ቀጥሎ መስኮቱን። ተክሌ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማ። ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ በየበረንዳው አልጋቸውን እያነሡ የሚያስገቡ ሌሎች ሰዎችንም አየ። ማንም ቀና ብሎ ሰላም አላለውም። ከቤቱ ሲደርስ የራሱን አልጋ ደጅ ተዘርግታ አገኛት። ጥቂት ቆሞ አያት፤ ከዚያ በአንድ በኩል አንሥቶ ወደ ውስጥ ይጎትታት ጀመር።